ለሾፌሩ ማን ይቁም?

በጥር 2014 ስልካችንን ያጥለቀለቀውን ቪዲዮ ታስታውሱታላችሁ? በረዶ የለበሰ የካናዳ አውራ ጎዳና፣ ጡሩምባውን እያንባረቀ የሚያልፍ የከባድ መኪና ሰልፍ፣ ከመንገዱ በላይ በተዘረጋው ድልድይ ላይ ደግሞ ባንዲራ የሚያውለበልብ ሕዝብ። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚደርስበት ሰሞን ነበር። ሰው ልጆቹን በወፍራም ካፖርት ጠቅልሎ ወጥቷል። ከአፉ እንፋሎት እየወጣ፣ ለማያውቀው ሾፌር እጁን ያወዛውዛል።

የኛ ሰው ያንን ቪዲዮ እንዴት እንደተቀባበለው አልረሳውም። ግማሹ «ሕዝብ ማለት እንዲህ ነው!» አለ። ግማሹ «የጠገበ ሰው አመፅ» ብሎ ሳቀ። ሁለቱም ላይክ አገኘ፣ ሁለቱም ሼር ተደረገ። ለሳምንታት ስለ ካናዳ ሾፌር መብት የማይከራከር አልነበረም። የኦታዋን መንገዶች በስም የሚጠራ ሰው ሁሉ ተፈጠረ።

ከዚያ ቪዲዮ ሁለት ወር ከምናምን በፊት፣ ኅዳር 1 ቀን 2014፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 72 ሾፌሮች ሰመራ ላይ መታሰራቸውን አስታውቆ ነበር። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታ እንዲያጓጉዙለት በኮንትራት የቀጠራቸው የኛው አገር ሰዎች ናቸው። ወንጀላቸው ምን እንደሆነ አልተነገረንም። ጠየቅን? ለመሆኑ የሰማ ነበር? በዚያው ወር ዲያስፖራው ዋሽንግተን ላይ ካፖርቱን ደርቦ አደባባይ ወጥቷል፤ አንዱ ወገን «በቃ» እያለ፣ ሌላው ወገን «ከበባው ይነሳ» እያለ። ከሁለቱም ሰልፍ በየገጹ የተለጠፉትን ምስሎች አገላብጬ አይቻለሁ። ስለ 72ቱ ሾፌሮች የሚናገር አንድ ካርቶን አላገኘሁም።

ክርክሬ አጭር ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን መንገድ ዳር መቆም እናውቅበታለን፤ ሲያቆሙን ኖረናል። ሸክማችንን ተሸክሞ ለሚያልፈው ሰው ግን ቆመን አናውቅም። ይሄ ደግሞ ሕይወት እያስከፈለ ነው።

መጀመሪያ የካናዳውን ነገር እንጨርሰው፤ ምክንያቱም «አንተም የነሱ ደጋፊ ነህ?» የሚል አይጠፋም። አይደለሁም። ነገሩ የተነሳው ጥር 7 ቀን 2014 ካናዳ ከአሜሪካ ድንበር አቋርጠው በሚመለሱ ሾፌሮች ላይ የኮቪድ ክትባት ግዴታ በመጣሏ ነው። የአገሪቱ የጭነት ማኅበራት ጥምረት ራሱ ሰልፉን አልደገፈም፤ አብዛኛው ሾፌር ቀድሞ ተከትቦ ነበር። የኦታዋ ነዋሪ በጡሩምባ እንቅልፍ አጥቶ ፍርድ ቤት ሄዶ አሳግዷል። ገንዘብ ማሰባሰቢያው ወደ 10 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ከደረሰ በኋላ ተዘጋ። የካቲት 7 መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ አወጀ፣ በቀናት ውስጥ ፖሊስ መንገዱን አጸዳ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤት አዋጁ አግባብ አልነበረም ብሎ ፈረደ። በዚያው አገር መሪ ከሚጨብጡት ሰዎች ብዙዎቹ ከፑንጃብ የሄዱ ስደተኞች ናቸው። ያልተከፈለ ደመወዝና የመንገድ ደህንነት ነበር የነሱ ብሶት፤ ለዚያ ብሶት ድልድይ ላይ የወጣ ሕዝብ ግን አልታየም። ስለዚህ ካናዳን አርአያ አድርጌ አላቀርብላችሁም።

ከዚያ ሁሉ የሚቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ተራ ሰው ከሞቀ ቤቱ ወጥቶ፣ ጣቱ እስኪደነዝዝ፣ ለሚያልፍ የጭነት መኪና ሾፌር ቆመ። ምክንያቱ ትክክል ይሁን ስህተት፣ ሾፌሩ በዚያ ሰው ዓይን ውስጥ ሰው ነበር። እኛ ጋ ይሄ የለም።

እኛ ጋ ያለውን ልንገራችሁ። መንገድ ዳር የምንቆመው ባለሥልጣን ሲመጣ ነው። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ፣ መንግሥት ሲለወጥ ያልተለወጠ ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ቀበሌ ይጠራል፣ ትምህርት ይቋረጣል፣ ተማሪ ትንሽ ባንዲራ ይታደላል፣ ፀሐይ ወይ ብርድ ላይ ሰዓት ይቆጠራል። ከዚያ ጥቁር መስታወት ያላቸው መኪኖች በ2 ደቂቃ ውስጥ ጭው ብለው ያልፋሉ። ማን ውስጥ እንደነበር እንኳ ያየ የለም። አንዳንዴም ሰው በገዛ ደስታው ይወጣል፤ ሐምሌ 7 ቀን 2010 ኢሳያስ አፈወርቂ አዲስ አበባ ሲገቡ የቦሌ መንገድ የሞላው ሕዝብ ሁሉም ተገዶ አልነበረም። ግን በግድም ይሁን በውድ፣ የምንቆመው ለአጀብ ነው። አጀብ ማለት ደግሞ ጠባቂ ላለው ሰው ተጨማሪ ጠባቂ መሆን ነው።

እኔ ቱርሚ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ብርድ የሚባለውን ነገር በደንብ የተዋወቅኩት ለሥራ አዲስ አበባ ስገባ ነው። መንገድ ዳር መቆምን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የኛ አገር ልጅ መንገድ ዳር የሚቆመው ለቱሪስት ነው። ሰኞ የቱርሚ ገበያ ነው፣ ቅዳሜ የዲመካ፣ ሐሙስ የቀይ አፈር። በነዚህ ቀናት ላንድክሩዘሮቹ እንደ ጉንዳን ተከታትለው ይመጣሉ። የበና ልጆች ገላቸውን በነጭ ተቀብተው፣ ከቤት በሚበልጥ እንጨት ላይ ቆመው፣ መንገዱን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ፎቶ ይነሳሉ፣ ብር ያገኛሉ። ትንንሾቹ ደግሞ ዳሌያቸውን እያወዛወዙ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ይላሉ። የሚፈልጉት ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ነው። በዚያ ሐሩር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ውሃው የተጠጣለትን ፕላስቲክ መለመን ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል።

ከላንድክሩዘሮቹ ኋላ ግን ሌላ መኪና ይመጣል። ሸራ የለበሰ አሮጌ አይሱዙ፣ አንዳንዴም ከነተሳቢው የሚያቃስት ትልቅ መኪና። ከኮንሶ ወርዶ፣ ወይጦን አልፎ፣ ወይ በኤርቦሬ ወይ በቀይ አፈር በኩል ዞሮ የሚመጣ። ቱርሚ ሱቅ ውስጥ ያለው ጨው፣ ስኳር፣ መኮሮኒ፣ ሳሙና፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ የጣሪያው ቆርቆሮ፣ ይሄን የምጽፍበት ላፕቶፕ ሳይቀር በዚያ መኪና ወይም በመሰሉ የመጣ ነው። ደራሽ ውሃ መንገዱን የቆረጠው ሳምንት ዋጋው ራሱ ይነግርሃል። ለዚያ መኪና የሚጨፍር ልጅ የለም፤ ፎቶ የሚያነሳውም የለም። እንዲያውም ልጆቹ ከመንገድ ገለል ብለው አቧራው እስኪያልፍ ፊታቸውን ይሸፍናሉ።

ይሄ የቱርሚ ብቻ አይደለም፤ የአገሪቱ ሥዕል ነው። ወደብ የሌለን አገር ነን። ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላዩ በጅቡቲ በኩል ነው የሚያልፈው። ባቡሩ ከ2010 ጀምሮ ሥራ ላይ ቢሆንም አብዛኛውን ጭነት ዛሬም የሚሸከመው ጎማ ነው። ከጎማው በላይ የተቀመጠ አንድ ሰው አለ፣ አጠገቡም አንድ ረዳት። ማዳበሪያውም፣ ነዳጁም፣ የምናፈቅረው ስልክም በነሱ እጅ ነው የሚገባው።

ብርድ ካላችሁ ደግሞ ሾፌሩ ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አድርጎ ወደ ኮምቦልቻና ሚሌ የሚወጣውን መንገድ አስቡት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ጣርማበር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ውርጩ መስታወቱን ይጋግረዋል። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ አፍ ላይ መኪና የተበላሸበት ሾፌር ጋቢውን ተከናንቦ ጋቢና ውስጥ ያነጋል፤ ረዳቱ ጎማ ሥር ታኮ እያስገባ ያድራል። መኪናው ከተነሳለት ደግሞ በዚያው ጉዞ አፋር ወርዶ ሙቀት ውስጥ ይገባል። ይሄን በአንድ ምልልስ የሚቀምስ ሰው ከካናዳው ሾፌር በምን ያንሳል? የሚያንሰው በአንድ ነገር ነው፤ ድልድዩ ላይ የቆመለት ሰው የለም።

ብርዱና ሙቀቱ እንኳ ቀላሉ ነው። በጦርነቱ ዓመታት የሆነውን ተመልከቱ። ሐምሌ 11 ቀን 2013 ከሰመራ ወደ ትግራይ ይጓዝ የነበረ፣ 10 ተሽከርካሪ ያለው የዓለም ምግብ ፕሮግራም ኮንቮይ መንገድ ላይ ጥቃት ደረሰበት። በመስከረም 2014 ድርጅቱ አንድ ቁጥር ይፋ አደረገ፤ ከሐምሌ ወር ጀምሮ ትግራይ ከገቡት 466 የጭነት መኪኖች የተመለሱት 38 ብቻ ናቸው። ጭቅጭቁ ተጀመረ። መንግሥት «ሕወሓት መኪኖቹን ለጦር አዋላቸው» አለ። ሕወሓት «መመለሻ ነዳጅ የለም፣ ሾፌሮቹም በመንገድ ይንገላታሉ» አለ። የውጭ ሚዲያ መኪኖቹ የት እንደገቡ መረመረ። ፌስቡክ ላይ እኔና እናንተ በየወገናችን ተቧድነን ስለ 428 መኪና ተሰዳደብን።

ልብ በሉ፤ ቆጠራው ሁሉ የመኪና ነበር። 428 መኪና ማለት ቢያንስ 428 መሪ የጨበጠ ሰው ማለት ነው። የት ነው የሚያድሩት? ምን ይበላሉ? ሚስቶቻቸው ማንን ነው የሚጠይቁት? ስልክ በተቋረጠበት፣ ባንክ በተዘጋበት አገር ቤታቸው እንዴት ይሰነብታል? በዚያ ሁሉ የቃላት ጦርነት ውስጥ ይሄን ዋና ጥያቄው ያደረገ ወገን አላየሁም። ለዱቄቱ ተከራከርን፣ ለብረቱ ተከራከርን፤ ሰውዬው ግን ከብረቱ ጋር የመጣ ዕቃ ሆኖ ቀረ።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላስ? እገታው ቀጥሏል። በኦሮሚያና በአማራ ክልል መንገዶች ሾፌርና ረዳት አግቶ ገንዘብ መጠየቅ ዜና መሆኑ እስኪቀር ተለምዷል። ቤተሰብ ጎረቤት ዞሮ፣ ዕቁብ ሸጦ፣ በየቡድኑ የባንክ ቁጥር ለጥፎ ይለምናል። ኬላ ላይ መጀመሪያ የሚነበበው ታርጋ ነው፤ «አማ» ነው፣ «ኦሮ» ነው፣ «ትግ» ነው። ሾፌሩ ያልመረጠው ሁለት ፊደል ላይ ሕይወቱ ይንጠለጠላል። በዚህ አገር ከማንም በላይ አገሪቱን እንደ አንድ አገር የሚኖርባት እሱ ሆኖ ሳለ።

ስለምሠራው ሥራም ልናገር፤ ከውስጥ የማየው ነገር ስለሆነ። ሶፍትዌር አልሚ ነኝ። የጭነት መኪኖችን በጂፒኤስ የሚከታተል ሲስተም ከሚሠሩት አንዱ ነኝ። ካርታው ላይ እያንዳንዱ መኪና ነጥብ ነው። አረንጓዴ ከሆነ እየሄደ ነው፣ ቀይ ከሆነ ቆሟል፣ ግራጫ ከሆነ ሲግናል የለም። ነዳጅ ታንኩ ውስጥ ሴንሰር አለ፤ በድንገት ነዳጅ ከቀነሰ ሲስተሙ ወዲያው ለባለንብረቱ መልእክት ይልካል፤ ሾፌሩ እየቀዳ እንዳይሸጥ። መኪናው ከተፈቀደለት በላይ ከቆመ «ዘግይቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። አንድ ጊዜ፣ ስሙን ለማልጠራው ደንበኛ የሚሠራ ስሪት ላይ፣ ነጥቡ አደገኛ በሚባል ቦታ በሌሊት ከቆመ «ሾፌሩ ደህና ነው?» ብሎ የሚጠይቅ፣ መልስ ካልመጣም ለቅርብ ሰው የሚደውል ነገር እንጨምር ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። የተሰጠኝ መልስ «ደንበኛው አልጠየቀም» የሚል ነበር።

እውነትም አልጠየቀም። ነዳጅ ሲጎድል የሚጮኽ፣ ሰው ሲጎድል ዝም የሚል ሲስተም ነው የታዘዘው። እኔ ይሄን የቴክኖሎጂ ችግር ነው ብዬ አላምንም። ኮድ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ያዘዘው የኛ ልማድ ነው፤ ሾፌር በሒሳብ መዝገባችን ላይ ያለው በወጪና በጥርጣሬ ዓምድ ነው። በደህንነት ዓምድ ስሙ የለም።

አሁን መልስ ወደሚፈልጉት ተቃውሞዎች ልምጣ።

«ሾፌር እኮ ገዳይ ነው» ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። ሲኖትራክን አዲስ አበባ «ቀይ ሽብር» ብላ ሰይማዋለች፤ ስሙ ከሰማይ አልወረደም። ልጁን አስፋልት ላይ ያጣ ወላጅ ፊት ቆሜ ለሾፌር ጥብቅና አልቆምም። ግን ጥያቄውን እስከ መጨረሻው እንጠይቀው። ሾፌሩ በምልልስ ብዛት ሲከፈለው፣ ቶሎ ካልደረሰ አበሉ ሲቆረጥበት፣ የሚያርፍበት ጥበቃ ያለው ማቆሚያ ሳይኖረው፣ ከመሸ ይታገታል ብሎ ሲሮጥ፣ ፍጥነቱን የወሰነው ማነው? ሰክሮ የነዳውን ሕግ ይቅጣው። ሳይተኛ እንዲነዳ ያስገደደውንስ? ለሾፌሩ ደህንነት መቆም ለእግረኛውም መቆም ነው። እንቅልፍ የጠገበ፣ የማይፈራ ሾፌር ሰው አይገጭም ማለቴ አይደለም፤ ከሚሮጠው ያነሰ ይገጫል።

«ፖለቲካ ይሆናል» ትሉኛላችሁ። ይሄ የፍርሃታችን ሁሉ መጠቅለያ ነው። የካናዳው ፖለቲካ ነበር፤ መንግሥት የማስገደድ ዓላማ ይዞ ነው የተነሳው። እኔ የምለው ግን መንገድ መዝጋት አይደለም፤ መንገድ እንዳይዘጋ መቆም ነው። ታርጋውን ሳያነብ ለሚያልፍ ለማንኛውም ሾፌር ውሃ የሚሰጥ ሰው የየትኛው ፓርቲ ነው? ይሄም ፖለቲካ ነው ከተባለ ይባል። የአገር ሰው ለአገር ሰው ማዘኑ የሚያስከስስበት ቦታ ከደረስን፣ ቤት መቀመጣችንም አያድነንም።

«መቆም ምን ይለውጣል?» ይሄ ከባዱ ጥያቄ ነው። መቆም ጥይት አያቆምም። አጋች ውሃ የያዘ ሕዝብ አይቶ አይሸሽ ይሆናል። ግን በቱርሚ መንገድ ያየሁትን ልንገራችሁ። የጭነት መኪና ደረቅ ወንዝ ውስጥ አሸዋ ሲውጠው ከየት እንደመጣ ሳታውቅ ሰው ይሰበሰባል። ከብት የሚጠብቀው ልጅ፣ ከገበያ የምትመለሰው ሴት፣ ዳስ ሥር የተቀመጠው ሽማግሌ። ቋንቋ አይግባቡም፤ ሾፌሩ ከወላይታ ነው፣ ወይ ከጉራጌ፣ ወይ ከሸዋ። እንጨት ይቆርጣሉ፣ ጎማ ሥር ይከትታሉ፣ ይገፋሉ። ሲወጣለት የቡና ገለባ በቅል ይሰጡታል። ያ ሾፌር በሚቀጥለው ሲያልፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ፊታቸውን ያውቃላ። እነሱም መኪናውን ከሩቅ ይለዩታል፤ ሳይመጣ ከቀረ «ምን አገኘው?» ይላሉ። ይሄ ነው መቆም የሚለውጠው። የተለየ ሰው ሲጎድል ይታወቃል። ማንም የማይለየው ሰው ግን ሲጎድል የሚጎድለው ነጥብ ብቻ ነው።

ስለዚህ እኛ ስልክ ይዘን ያደግነው ልጆች ልንሠራው የምንችለው ነገር አለ፤ አንዱም ተአምር አይደለም። በየመንገዱ የተገደሉና የታገቱ ሾፌሮችና ረዳቶች ስም፣ ቤተሰብ እስከፈቀደ ድረስ፣ ቀንና ቦታ ተጽፎ የሚቀመጥበት ክፍት መዝገብ መሥራት፤ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች በትርፍ ሰዓታችን የምንጨርሰው ነው። ጭነት የሚያዘው ነጋዴ ውሉ ውስጥ የሾፌሩን የሕይወት መድን እንዲያስገባ መጠየቅ፤ ሥራ ፈጣሪ ነን የምንል፣ በየቀኑ ዕቃ የምናስጭን ብዙ ነን። ክልሎችና ከተሞች ለፓርክና ለኮሪደር በጀት ሲይዙ ጥበቃና መብራት ያለው የጭነት መኪና ማደሪያም እንዲይዙ መወትወት። ሲስተም የምንገነባ ደግሞ «ደህና ነው?» የሚለውን ቁልፍ ሳንታዘዝም ማስገባት።

እና መቆም። በአካል። ላይክ ነፃ ነው፤ ነፃ የሆነ ነገር ደግሞ ሚዛን አያነሳም። ሾፌሩ በገላው ነው የሚከፍለው፤ ድጋፉም ትንሽ ገላ ቢያስከፍል ተገቢ ነው። ቀን ከተፈለገ ኅዳር 1 ይሁን፤ የ72ቱ ሾፌሮች እስር የተሰማበት ቀን። ደጋው በሚቆረጥምበት በዚያ ወር የደብረ ብርሃንና የጣርማበር ልጆች ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ጋቢ ለብሰው በፔርሙዝ ትኩስ ሻይ ይዘው ይውጡ። የሚሌና የሰመራ ልጆች ቀዝቃዛ ውሃ ይያዙ። እኛ ቱርሚዎች ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ቅላችንን ይዘን መንገዱ ላይ እንገኛለን። ባንዲራ አያስፈልግም፤ ቀበሌም አይጥራን። ጥቁር መስታወት ያለው መኪና ከመጣ ይለፍ። ሸራ የለበሰው ሲመጣ እጃችንን እናንሳ፤ ፍጥነቱን ቀንሶ መስኮቱን ካወረደም ስሙን እንጠይቀው።